ደንቡሼ በሩ ላይ

አንድ ሰው ነበረ። ሥራው ውሻ መሆን ነው።

አትሳቁ፣ እውነቴን ነው። ልጆች ቴሌቪዥን ፊት ተደፍተው የሚያዩት፣ የሚናገር ውሻ ያለበት አንድ ካርቱን ነበረ። ውሻውን ደንቡሼ እንበለው። ካርቱኑ የሚመጣው ከውጭ አገር ነው፤ ይህ ሰው ስቱዲዮ ገብቶ፣ ማይክሮፎን ፊት ቆሞ፣ ለውሻው በአማርኛ ይናገርለታል። ቀጭን፣ ሻከር ያለ፣ ሲስቅ ትን የሚለው ድምፅ። ድምፁን የማያውቅ ልጅ የለም። ሰውየውን ግን ማንም አያውቀውም።

የአምስት ዓመት ልጅ አለችው፤ ናርዶስ ትባላለች። እሷም አታውቅም። ካወቀች ውሻው ይጠፋባታል ብሎ ደብቋታል። አሳቢ አባት ነው፣ አይደል? ቆዩኝ።

ስቱዲዮ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ሲጮህ፣ ሲስቅ፣ ሲያላዝን ይውላል። ቤቱ ሲገባ ጉሮሮው ተልጧል። ዝንጅብል የገባበት ሙቅ ውኃ ይዞ ሶፋው ላይ ይቀመጥና ድምፁን ያሳርፋል። ናርዶስ ስትመጣ በጣቱ ነው የሚያናግራት። ወዲያ ሂጂ፣ በጣት። ሪሞቱን አምጪ፣ በጣት። አፉን ከከፈተ ደግሞ ሦስት ቃል ነው፤ "ብዪ። ተቀመጪ። ተኚ።" ስታጠፋ ግን ያ የታመመ ጉሮሮ ከየት እንደሚድን እንጃ፣ ጩኸቱ ታችኛው ፎቅ ድረስ ይሰማል።

ልጅቷስ? ልጅቷ ከደንቡሼ ጋር ታወራለች። ቴሌቪዥኑ ላይ ልትለጠፍ ምንም አይቀራት። "ደንቡሼ፣ ጥርሴ እየተነቃነቀ ነው፤ ለማንም እንዳትናገር" ትለዋለች። አባትየው ከኋላዋ ተቀምጦ ይሰማል። ደስ ይለዋል! ሥራዬን ወደደችልኝ ይላል። ወገኖቼ፣ የጥርሷን ነገር ለእሱ እኮ አልነገረችውም! ይህ ሰው በገዛ ድምፁ ቀንቶ ማልቀስ ሲገባው ደስ አለው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት እናትየው ሥራ ላይ ናት። ቤት ያሉት እሱ፣ ልጁና ሊጠይቁት የመጡ እናቱ ናቸው። እናቱ የደም ግፊት መድኃኒታቸውን ሊውጡ ቦርሳቸውን ከፈቱ። ማሸጊያው አለ። ክኒኖቹ ግን ከየጎሬያቸው ወጥተዋል።

"ልጄ፣ ይሄ ጠዋት ሙሉ ነበር" አሉ።

ሰውየው ማሸጊያውን ከእናቱ እጅ ነጠቀ። "ናርዶስ! ማነው ይሄን የነካው?" ብሎ ጮኸ። ድምፁን እንደምታውቁት ነው። ልጅቷ መኝታ ቤት ገባች፣ በሩን ዘጋች፣ ቁልፉን ከውስጥ አዞረች።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? እሱም ያንኑ አደረገ። በሩን ደበደበ። "ክፈቺ! ክፈቺ ነው የምልሽ! ስንት ዋጥሽ?" ዝም። የበለጠ ጮኸ። የበለጠ ዝም። እናቱ "እሷን አትንካብኝ፣ እኔን ውሰደኝ" እያሉ ፈጣሪያቸውን ይለማመጣሉ። ጆሮውን በሩ ላይ ለጠፈ። ምንም አይሰማም። እየተደበቀች ነው ወይስ እየደከመች? በዚህና በዚያ መካከል ያለው አንድ በር ነው፤ እሱ ደግሞ ማወቅ አልቻለም።

ታችኛው ፎቅ ለምትኖረው ነርስ፣ ለሲስተር ጸዳለ፣ ደወለላት።

"ስንት ነው የዋጠችው? መቼ?" አለችው።

"አላውቅም። በሩን ቆልፋዋለች። ልሰብረው ነው።"

"የት ነው ያለችው? በሩ ሥር ከሆነችስ? ወንድሜ፣ ረጋ በል። እኔ መኪና ላስነሳ፣ አንተ አስከፍታት። ላስመልሳት እንዳትል። ስንት እንደዋጠች ብቻ ጠይቃት። ደግሞ አታስፈራት፣ ከፈራች አትነግርህም።"

አታስፈራት! በየትኛው ድምፅ? ልጅቷ ከዚህ ሰው አፍ የምታውቀው ድምፅ ሁለት ነው። አንዱ ትእዛዝ፣ አንዱ ጩኸት። ሦስተኛ ፈለገ፣ አጣ። የራሱ የሆነ፣ ልጁ የምትወደው አንድ ድምፅ አጣ።

ከዚያ ተንበረከከ። አፉን ወደ ቁልፉ ቀዳዳ አስጠጋ። በቀጭኑ፣ በሻካራው፣ ትን በሚለው ድምፅ፣ "ናርዲ! እኔ ነኝ፣ ደንቡሼ!" አለ።

ከዚያ የእግር ኮቴ ተሰማ።

"ደንቡሼ? ከቴሌቪዥኑ ወጣህ?"

"አዎ፣ እየሮጥኩ መጣሁ።"

"አባዬ እዚያ አለ?"

ምን ይበል? "አለ" አለ።

"ተቆጥቷል?"

"አልተቆጣም። ፈርቷል።"

"አባዬ አይፈራም።"

"ይፈራል፣ ናርዲ። አሁን በሩ ሥር ተንበርክኳል። ክኒኑን ስንት ዋጥሽው?"

"ሦስት። ሌላውን በመስኮት ጣልኩት። ይመራል! አንተ ይመራል አላልክም። ዋጥ አድርጌው ጎበዝ ሆንኩ ነው ያልከው።"

ሰውየው ግንባሩን በሩ ላይ ጣለ። ብሏል። አስታወሰ።

እንዲህ ነው የሆነው። በእነሱ ሥራ ቃሉ ከአፉ ጋር መግጠም አለበት። ውሻው አፉን ከገጠመ በኋላ ድምፅ ከተረፈ ተበላሸ ማለት ነው። ውሻው ታሞ ክኒን የሚውጥበት ክፍል ነበር፤ ጽሑፉ ላይ የነበረው፣ "እማዬ ስትሰጠኝ ብቻ፣ ዋጥ አድርጌው ጎበዝ ሆንኩ" የሚል ነው። ውሻው ግን አፉን ቶሎ ይገጥማል። አንዴ ሞከሩ፣ አልገባም። ደገሙት፣ አልገባም። "የፊተኛውን ቁረጠው" አለው ዳይሬክተሩ። ቆረጠው። ሦስት ቃል ናት፤ ማን ልብ ይላል ብለው ወደሚቀጥለው አለፉ። አሁን ያቺ የተቆረጠች ሦስት ቃል ከበሩ ማዶ ሆድ ውስጥ ገብታ ቁጭ ብላለች።

"ናርዲዬ፣ ተሳስቼ ነው" አለ በውሻው ድምፅ፤ ድምፁ ግን እየተሰበረ ነው። "ደንቡሼ ተሳስቷል። ቁልፉን አዙሪው።"

ቁልፉ ዞረ። ልጅቷ ወጣች። በአባቷ ትከሻ ላይ አሻግራ ኮሪደሩን አየች። ወደ ቀኝ አየች፣ ወደ ግራ አየች።

"ደንቡሼ የታል?" አለች።

አባቷ ፊቷ ተንበርክኮ እያለ!

አንስቷት ደረጃውን ወረደ። ሲስተር ጸዳለ መኪናዋን አስነስታ ትጠብቅ ነበር። ሆስፒታል ገቡ፤ ስንት እንደዋጠች ተናገረ፤ ሐኪሞቹ እስከ ማግስቱ አቆዩአት። ተርፋለች፣ ደህና ናት፣ አትጨነቁ። እሱ ግን ያን ጊዜ አላወቀም። የግፊት መለኪያው ባበጠ ቁጥር ከማሽኑ ላይ ዓይኑን አልነቀለም። ግሉኮስ ሊተክሉላት መርፌው ሲመጣ እሪ አለች። ሳያስበው በደንቡሼ ድምፅ፣ "አይዞሽ ናርዲ፣ እዚህ ነኝ" አለ።

ለቅሶዋን አቆመች። አፉን አየችው። ትክ ብላ አየችው።

"አባዬ፣ አንተ ነህ እንዴ?"

"አዎ፣ እኔ ነኝ።"

ትቀየመኛለች ብሎ ጠበቀ። ውሻዬን ገደልክብኝ ትላለች ብሎ ጠበቀ። እሷ ግን ሌላ ነገር ነው የጠየቀችው።

"ታዲያ ቤት ለምን አታወራኝም?"

ሰውየው ይህን ሲነግረኝ አለቀሰ። "ፓስተር፣ ድምፄን እየቆጠብኩላት ነበር የመሰለኝ" አለኝ። ለማን ነው የቆጠብከው? አልኩት።

ወገኖቼ፣ ስለ ካርቱን የሰበክኩ መስሏችሁ ቴሌቪዥናችሁን ልታጠፉ ነው። አጥፉ አላልኩም። የምጠይቃችሁ ሌላ ነው። ልጃችሁ ዛሬ የማይገባ ነገር ብትውጥ፣ የማይገባ ቦታ ብትገባ፣ አንድ ሰው የማይሆን ነገር ቢላት፣ በየትኛው ድምፃችሁ ስትጠሯት በሩን ትከፍታለች? አላችሁ ወይ እንደዚያ ያለ ድምፅ? ቢሮ ውስጥ ለደንበኛ "እሺ የኔ እመቤት" ትላላችሁ። ስልክ ላይ ለማታውቁት ሰው ትለሰልሳላችሁ። ቤት ስትገቡስ? "ብዪ። ተቀመጪ። ተኚ።"

በእናንተ ብቻ አልፈርድም። እኔ እዚህ መድረክ ላይ "የተወደዳችሁ" እላለሁ። ቤት ደግሞ "ዝም በሉ፣ ስብከት እያዘጋጀሁ ነው!" እላለሁ። ስብከቱ ስለ ፍቅር ነው! ባለፈው ሐሙስ ታናሹ ልጄ እናቱን፣ "አባባን ጠይቂልኝ" አላት። እኔ አጠገቡ ተቀምጫለሁ። ክንዴን ብዘረጋ እነካዋለሁ። አማላጅ ፈለገብኝ! ባለቤቴ እዚያ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ናት፤ ጠይቋት። ፈራሁ፣ ወገኖቼ። ዛሬም አልወጣልኝም፤ ዛሬም እፈራለሁ። ልጄ ምን ሊጠይቀኝ እንደነበር እስካሁን አላወቅሁም።

የሰማዩ አባታችን በጣቱ ብቻ ሊያዘን ይችል ነበር፤ ማን ይከለክለዋል? እሱ ግን ወርዶ፣ እኛ የምንሰማውን ድምፅ ይዞ፣ ቀርቦ አናገረን። እኛ የማን ልጆች ነን ታዲያ?

ለዛሬ ረጅም ጸሎት አላደርግም። ልጆቹ ከኋላ አዳራሽ ትምህርታቸውን ጨርሰው እየጠበቁን ነው። ስትወስዷቸው ስልካችሁን ኪሳችሁ ክተቱ፣ ዝቅ በሉ፣ ምን እንደተማሩ ጠይቋቸው። መጀመሪያ ላይ ላይመልሱላችሁ ይችላሉ። አትቆጡ። እንደገና ጠይቁ። እኔም ወርጄ ልጄን እጠይቀዋለሁ፤ ዝም ቢለኝ እንኳ እዚያው እቆማለሁ።