ወፎች ሁሉ የመሰከሩለት ሥር

ተረቴን ላምጣ? አምጣ በሉኝ። የአያ ጃርት ሚስት በንዳድ ሞታለች። አሁን ደግሞ ሴት ልጁን ያው ንዳድ ያዛት። ነጭ ካባ ለባሹ መድኃኒት አዋቂ ጉሬዛ አንድ ሥር ሰጠው።

«ማንን አድኗል?» አለ ጃርት፣ ሥሩን እያሸተተ።

«አንተ ተጠራጣሪ! ይህን ሥር ያላወደሰ ወፍ አለ?»

ጃርት ቁራን ጠየቀ። «እመት ዋኔ መስክራለች እኮ!» አለው።

ወደ ዋኔ ሄደ። «እኔማ አያ ቁራን ጠቅሼ ነው» አለችው።

«በልቶ የዳነ አይታችኋል?»

«ኧረ እኛ የምናውቀው ዝናውን ነው።»

ጃርት ልጁን እንዳያጣ ሥሩን ሊሰጣት ፈለገ፤ ግን አላመነውም። ስለዚህ መጀመሪያ ራሱ አኘከና አጠገቧ ተቀመጠ። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ምላሱ ደነዘዘ፤ የኋላ እግሮቹም ከዱት። በደረቱ እየተሳበ ወጣና የተረፈውን ሥር ቀበረው።