የጃርት ልጅ በጥንቸሎች ሰፈር

ተረት አለኝ፤ ጆሮ ያለው ጠጋ ይበል። በአንድ አገር ባሏ የሞተባት ጃርት ነበረች። የምትኖርበት ጫካ ሲቃጠል አንዲት ልጇን ይዛ ተሰደደች። መንገድ ላይ ሁሉን አውቃለሁ ባይዋን ጦጣ አገኘች።

«እመት ጦጢት፣ ልጄን የማሳድግበት ደህና ሰፈር የት ይገኛል?» ስትል ጠየቀቻት።

«የጥንቸሎች ሰፈር ነዋ! ጅብ አይደርስበትም፤ ትምህርት ቤታቸውም የታወቀ ነው» አለቻት ጦጣ።

ጃርትም እዚያው ሄዳ ጉድጓድ ምሳ ገባች። ልጇም ትምህርት ቤት ገብታ ቁፋሮውንም ቅጠል መለየቱንም ከሁሉ ቀድማ አወቀች። ጨዋዋ መምህርት ጥንቸል ግን፣ «ልጅሽ ጎበዝ ናት። እሾኋ ሌሎቹን እንዳይወጋ ብዬ ለብቻዋ አስቀምጫታለሁ» አለቻት። እናትም አመስግና ተመለሰች።

አንድ ቀን እናት ጃርት ሥራሥር ቆፍራ ስትመለስ፣ ልጇ እያለቀሰች እሾኋን አንድ በአንድ ስትነቅል ደረሰችባት።

«ምን ሆንሽ ልጄ?»

«ነገ አጠገቤ የሚቀመጥ ቢገኝ ብዬ ነው፣ እማ።»

እናት ጃርት አቅፋት ቁጭ አለች። በማግስቱ ጓዛቸውን ይዘው ሰፈሩን ሲለቁ ከየጉድጓዱ የልጆች ሳቅ ይሰማ ነበር። ብቅ ብሎ «ወዴት ነው?» ያላቸው ግን አልነበረም።