መኪናውን ሽጦ ያልሸጠው ሰው

መኪናውን ሽጦ መሸጥ ያቃተው አንድ ሰው ነበረ።

የዚህን ሰው ነገር ያወሩት ሼህ አራጋው ናቸው፤ ያወሩትም ዘይነባ ለምትባል ባለ ወፍጮ ሴት ነው። ዘይነባ ወፍጮ ቤቷን ለልጇ ለኑርዬ በሽማግሌ ፊት አስረክባው ነበር። ዓመት እንኳ ሳይሞላ ልጁ «ሌላ አገር ሄጄ ሥራ ልፈልግ» ብሎ ጓዙን ማሰናዳት ጀመረ። እሷም አንጀቷ እያረረ ወደ ሼሁ መጣች።

«ዕድሜዬን ያፈሰስኩበትን ወፍጮ እንካ ብዬ ሰጠሁት» አለች። «ሰጥቼውም አልተውኩትም፤ በየቀኑ እየሄድኩ አግዘዋለሁ። እሱ ግን ሊሸሸኝ ነው። ምን በደልኩት?»

ሼሁ እንድትቀመጥ ቦታ አሳዩዋትና ስለዚያ ሰው ይነግሯት ጀመር።

ሰውየው ጨርቅ ነጋዴ ነበር። ቤቱ ከቆላው ከተማ ወደ ደጋው ገበያ ከሚወጣው ዳገት ግርጌ ነው። መኪናው በናፍጣ የምትሄድ፣ ከኋላዋ እንደ ሳጥን የተዘረጋች፣ ሰው ሁሉ ስቴሽን የሚላት ዓይነት ነበረች። አዲስ ሳለችም ውድ አልነበረችም፤ እሱ እጅ ስትገባ ደግሞ አዲስ አልነበረችም። አረንጓዴ ቀለሟን ፀሐይ በልቶት የጠወለገ ጎመን መስሏል። የግራ የኋላ በሯ ከውስጥ ካልሆነ አይከፈትም። ጠዋት ጠዋት ቁልፉን ግማሽ አዙረው ጥቂት ካልታገሷት አትነሳም፤ አንዴ ከተነሳች ግን ቀኑን ሙሉ ብትነዳ አትለግምም። ጣቃ ጣቃውን ጨርቅ በእሷ አመላልሶ ቤት ሠራ። ሚስቱን ምጥ ሲይዛት ሐኪም ቤት ያደረሳት በእሷ ነው። ልጆቹ የኋላ ወንበሯ ላይ እየተኙም እየተጣሉም አደጉ፤ ካደጉ በኋላም በየፊናቸው ሄዱ።

ኋላ ሰውየውን የዓይን ሞራ ያዘው። ቀኑ ሲያዘቀዝቅ መንገዱና የመንገዱ ዳር ይቀላቀሉበት ጀመር። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ሲመለስ፣ ጥላ ነው ብሎ የተጠጋው ነገር ጥላ ሳይሆን ጎንበስ ብሎ ጫማውን የሚያስር ሰው ሆኖ ተገኘ። እግረኛው ዘሎ ባይወጣ ኖሮ ሌላ ነገር ይወራ ነበር። ነጋዴው ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ነገራት።

«ሽጣት» አለችው ሚስቱ። «የሰው ደም ሳታስነካን ሽጣት።»

እሺ አለ። አፉ እሺ አለ እንጂ ልቡ ሰበብ ይፈልግ ነበር። ደላላው ገዢ ሲያመጣ አንዱን እጁ ሸካራ ነው ብሎ መለሰው፤ ሌላውን ጎማዋን በእርግጫ መታ ብሎ መለሰው። በመጨረሻ ቲማቲምና ሽንኩርት ወደ ደጋው ገበያ የምታወጣ አንዲት ወጣት ሴት መጣች። ባሏ ሞቶባት ሁለት ልጆች ብቻዋን ታሳድጋለች፤ መንጃ ፈቃድ ካወጣችም ገና ቅርቧ ነው። ሰውየው የመኪናዋን ነውር አንዱንም ሳይደብቅ ነገራት። ደላላው እጅጌውን ቢጎትተውም አላቆመም። ሴቲቱ ሁሉንም በትዕግሥት ሰማች፤ ተስማሙ፤ ስሙን አዛወሩ፤ ቁልፉንም ተቀበለች።

«አባባ፣ እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የምይዛት» አለችው።

ዕቃውን በሐቅ የሸጠ ሰው ልቡ ያርፋል ይባላል። የዚህ ሰው ልብ ግን አላረፈም።

በማግስቱ ከንጋቱ የሱብሂ ሶላት ሲመለስ ከወዲያኛው ሰፈር የሞተሯን ድምፅ ሰማ። ከመቶ መኪና መሃል ይለየዋል። ሴቲቱ አቻኩላታለች። እግሩ ራሱ ይዞት ሄደ፤ ግቢዋ በር ላይ ሲደርስ ነው ወዴት እንደመጣ የታወቀው።

«ደህና አደርሽ ልጄ» አላት። «ትንሽ ብትታገሻት እንዲህ አታጓራም ነበር።»

«እሺ አባባ። ይግቡና ቁርስ ይቅመሱ።»

የመጀመሪያ ቀን ደስ አላት፤ አባት ያገኘች መሰላት። ከዚያ በኋላ ግን ያልሄደበት ጠዋት የለም። ዘይቷን ራሱ ይለካል። ጎማዋን በአውራ ጣቱ ይጫናል። ስታጥባት ቢያገኛት «በዚህ ብርድ?» ይላል፤ ሳትታጠብ ቢያገኛት «ጭቃው ብረቷን ሊበላው ነው» ይላል። ስትጭን አጠገቧ ቆሞ «በዛ፣ ኧረ በዛ» ይላል። ሴቲቱ ትልቅ ሰው ማሳፈር አልሆነላትምና ዝም ትላለች። ብቻዋን ስትሆን ደህና የምትነዳው ሴት እሱ ሲያያት እጇ ይሳሳታል፤ ሞተሩ ይጠፋባታል። እሱም ይህን አይቶ «ገና አልቻለቻትም» እያለ ይብሱን ይጨነቃል።

የገዛ ቤቱ እሾህ ሆነበት። ገበታ ቀርቦለት ጆሮው ውጭ ነው። ዝናብ ሲዘንብ መስኮቷን ዘግታ ይሆን ይላል። ፀሐይ ሲወጣ ጥላ ሥር አቁማት ይሆን ይላል። እንግዳ መጥቶ ሲያጫውተው መሃል ላይ ብድግ ብሎ ይወጣል።

ሚስቱ ሰለቻት። «አንተ ሰው፣ ሸጠሃታል ወይስ አከራይተሃታል?» አለችው።

«ሸጫታለሁ።»

«እንግዲያስ ሰው ግቢ ምን ትሠራለህ?»

«ታበላሽብኛለች ብዬ ነው።»

«ታበላሽብኛለች» ማለቱን ሚስቱ ሰማች። እሱ ግን የገዛ አፉን አልሰማም።

ሴቲቱ ጭነት እንዲይዝላት ብላ የኋላውን ወንበር በጋራዥ አስነቅላ እዚያው አስቀምጣው ነበር። ሰውየው ይህን ሲሰማ ደሙ ፈላ፤ ልጆቹ ያደጉበት ወንበር ነው። መኪናዋ ለዘይት ለውጥ ጋራዥ በቆመችበት ቀን ሄዶ መካኒኩን «እሷ ናት የላከችኝ፤ ወንበሩን መልሰህ ግጠመው» አለው። መካኒኩ መኪናዋን ከድሮም በእሱ ነውና የሚያውቃት አመነው፤ ወንበሩን ገጥሞ ብሎኑን አጠበቀው። ሴቲቱ የገበያ ቀን ማለዳ ቲማቲሟን በኩሊ አስይዛ መኪናዋን ስትወስድ ወንበሩ ተመልሶ አገኘችው። የሚነቅልላት መካኒኩም ያን ጊዜ አልነበረም። የጭነቷ እኩሌታ ቀረ፤ የቀረውም በቆላው ሙቀት በሰበሰና ለከብት ተደፋ። ማን እንዳደረገው ጠይቃ ደረሰችበት። በማግስቱ ሰውየው ሲመጣ ምንም አልተናገረችውም፤ «ይግቡ» ብቻ ሳትለው ቀረች። እሱ ያስተዋለው ወንበሩ ገና አለመነቀሉን ነው።

ከዚያ ወዲህ ግቢዋን መዝጋት ጀመረች። እሱም ወደ ዳገቱ ወጣ። በዳገቱ አጋማሽ መንገዱ የሚጠመዘዝበት ቦታ አለ፤ የጫነ መኪና እዚያ ሲደርስ ማርሽ ካልቀነሰ ያቃስታል። ሰውየው በየገበያው ቀን ከዘራውን ይዞ ከዚያ መንገድ ጠርዝ ላይ ይቆማል፤ የሞተሯ ድምፅ ሲቀርብ ጆሮውን ይጥላል። ሴቲቱ ደግሞ እዚያ ቦታ ሳትደርስ በፊት መሪውን አጥብቃ ትይዛለች።

አንድ የገበያ ቀን የመኪናዋ ድምፅ ከታች ሲመጣ ሞተሩ ከበደ። አሁን ትቀንሳለች ብሎ ጠበቀ። አልቀነሰችም። ትንሽ ጠበቀ። አሁንም አልቀነሰችም። መታገስ አቃተውና ከዘራውን ወደ ላይ አንሥቶ «ቀንሺ፣ ቀንሺ» እያለ ወደ መንገዱ ወረደ። የት ድረስ እንደወረደ ዓይኑ አላሳየውም። ሴቲቱ ጠመዝማዛውን ስትጨርስ ሽማግሌው ከፊቷ ቆሟል። መሪዋን ወደ ውስጥ መለሰችው፤ የፊት ጎማዋ የመንገድ ዳር ቦይ ውስጥ ገባ፤ መኪናዋ በአንድ ጎኗ አዘነበለች፤ ቲማቲሙ በቁልቁለቱ ተንከባለለ።

ሰውየው ከዘራውን ጥሎ ሮጠ። ደርሶም የፊት መከላከያዋን በሁለት እጁ ዳበሰው። ጎንበስ ብሎ ከሥሯ አየ። የተጣመመውን ብረት ነካ።

«ምን ሆነች? ምን አገኛት?» አለ።

ሴቲቱ በሩን ገፍታ ወጥታ ነበር። ግንባሯን መሪው መትቷት ደም በቅንድቧ ላይ ይወርዳል። በሻሿ ጫፍ ይዛው ቆመችና አየችው።

«እኔ ደህና ነኝ፣ አባባ» አለችው።

በቁጣ አልነበረም የተናገረችው። እሱ ግን እጁን ከብረቱ ላይ ማንሳት አቅቶት እንደቆመ ቀረ፤ የመለሰችለት ያልጠየቃትን ነውና።

ሴቲቱ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ትንፋሿ ሲመለስላት፣ «ማርሹን ልቀንስ እጄን ስሰድ ነው ያየሁዎት» አለች። «እኔ የምቀንሰው ከእርስዎ ትንሽ ዘግይቼ ነው። እንደዚያም ዳገቱን ወጥታልኝ ታውቃለች። ወንበሩንም ያስገጠሙት እርስዎ መሆንዎን አውቃለሁ። አባቴን አይቼው አላውቅም፤ በሬ ላይ ሲቆሙ አንድ ቀን እንኳ ስለ ልጆቼ ይጠይቁኝ ይሆን እያልኩ እጠብቅ ነበር።»

ሰውየው «ግንባርሽን አሳዪኝ» አላት። ዓይኑ ስለማያይለት በጣም መቅረብ ነበረበት። ያን ሁሉ ጠዋት ግቢዋ ሲመላለስ ፊቷን እንዲህ ቀርቦ አይቶት አያውቅም። ልጅ ናት። የመጨረሻ ሴት ልጁ እኩያ ብትሆን ነው።

መንገደኞች ተረባርበው መኪናዋን ከቦዩ አወጧት። ሰውየው ጎንበስ ብሎ ከቲማቲሙ ያልፈረጠውን እየለቀመ ኬሻ ውስጥ ከተተ። ሲወርድ በጋራዡ በኩል አለፈና መካኒኩን «ያን ጊዜ ዋሽቼሃለሁ፤ አልላከችኝም። ወንበሩን እሷ እንዳለችህ አድርገው» አለው። ቤቱ ሲደርስ ሚስቱ መልኩን አይታ ምን እንደሆነ ጠየቀችው።

«ዛሬ ሸጥኳት» አላት።

ሸጠ ማለት ግን አረፈ ማለት አልነበረም። በማግስቱ የመኪናዋን ድምፅ ሲሰማ እስከ በሩ ሄደ። እጁ መቀርቀሪያው ላይ ቆየ። ተመልሶ ተቀመጠ። ሙስበሃውን አንሥቶ ዶቃውን ቆጠረ፤ ቁጥሩ ጠፋበት፤ እንደገና ጀመረ። በየገበያው ቀን ድምጿ ወደ ዳገቱ ሲርቅ ላቡ ጠብ ይላል፤ ማታ ስትመለስ ከሰማ ደግሞ ራቱን ይበላል። ይሄ ነገር አንድ ሰሞን ብቻ አልነበረም። አላህ ይወቀው እንጂ እስኪሞትም የለቀቀው አይመስለኝም። ድምጿን ተከትሎ ግን ከደጁ አልወጣም።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ለለቅሶ ወደ ደጋው ሊወጣ መንገድ ዳር ቆሞ ሳለ ሴቲቱ አየችውና አቆመች። ከጎኗ ገባ። ከኋላቸው ወንበር የለም፤ የሽንኩርት ኬሻ ነው። ዳገቱን ተያያዙት። ጠመዝማዛው ጋ ሲደርሱ ሞተሩ ከበደ። ሰውየው ሁለቱን እጆቹን ጉልበቶቹ ላይ አጥብቆ ያዘ። ምላሱ ጫፍ ላይ የነበረውን ዋጠው።

«ልጆችሽ እንዴት ናቸው?» አላት። «ታላቁ ትምህርት ገባ?»

ሴቲቱ ስለ ልጆቿ መናገር ጀመረች፤ በመሃሉ እጇን ሰድዳ ማርሹን ቀነሰች። እሱ ይቀንስበት ከነበረው ቦታ አልፋ ነው። መኪናዋም ወጣች።

ሼህ አራጋው ነገሩን እዚህ ላይ አቁመው ወደ ዘይነባ ዞሩ።

«ዘይነባ፣ ልጄ» አሏት፣ «ያ ሰው አንቺ ነሽ። ወፍጮውን ለኑርዬ ሰጥተሻል፤ ሽማግሌዎቹ አይተዋል። ነገር ግን ድንጋዩ ድምፁን በቀየረ ቁጥር ከቤትሽ ትሮጫለሽ። እህል ይዞ የሚመጣው ሰውም ኑርዬን ትቶ አንቺን ይጠይቃል፤ በየጠዋቱ በሩ ላይ ስለሚያገኝሽ። ባለፈው ድንጋዩን የሚያዞረው ቺንጋ ተበጥሶ የልጁን ክንድ የገረፈው ጊዜ፣ ከደጅ ስትገቢ አስቀድመሽ የጠየቅሽው ስለ ምን ነበር?»

ዘይነባ ነጠላዋን እያጠፈች እየዘረጋች ቆየች። ከዚያ፣ «ቢያበላሸውስ?» አለች።

«ካበላሸው የራሱን ነው ያበላሸው። የሰው ልጅ የራሱን ሳያበላሽ ማበጀት አይማርም። ልጅሽ የሚሸሸው ከአንቺ እንዳይመስልሽ፤ የእሱ ያልሆነ ወፍጮ ውስጥ ባለቤት ተብሎ መቆም ነው የሰለቸው።»

«ሼሁ፣ ቤት መቀመጥ አልችልም። ያቃጥለኛል።»

«አዎ፣ ያቃጥልሻል» አሉ ሼህ አራጋው። «ጭንቀትሽ ይቀራል ብዬ አልዋሽሽም፤ ለዚያም ሰው አልቀረለትም። እኔ የምልሽ፣ ወፍጮውን ስጪው፤ ጭንቀቱን ግን አንቺው ያዢው። እሱ ያንቺ ነው፤ ለልጅሽ አታሸክሚው።»