የት አደረሰኝ?

አንድ ሸማኔ ነበር፤ ስሙን ጎሹ ይሉታል። ሚስቱ ስንዱ ትፈትላለች፣ እሱ ይሸምናል፤ እንዲህ ሆነው ሃያ ዓመት ኖሩ። ለገና ሁለት ሳምንት ሲቀር ስንዱ ታመመች፤ በሦስተኛው ቀን ሞተች። ጎሹ ቀብሯት ሲመለስ የጀመረው ጋቢ እንደተወጠረ ጠበቀው። የቀረው ማግ እሷ የፈተለችው ነው። ያ ካለቀ ከእጇ የሚተርፍለት ነገር የለም፤ ስለዚህ አልነካውም። «ከእንግዲህ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ብረግጥ ከሰው አትቁጠሩኝ» ብሎም ማለ። ምን ያድርግ፣ እግዜርን እንዲያድናት ለምኖ ያጣ ሰው ነው።

የገና ዕለት ጠዋት ከበሮው ከሩቅ ይሰማል። ጎረቤቶቹ ነጭ ለብሰው ሲያልፉ፣ አፋቸው ለምዶባቸው፣ በበሩ ብቅ እያሉ «እንኳን አደረሰህ» ይሉታል። እሱ ቀና እንኳ ሳይል «የት አደረሰኝ?» ይላቸዋል። እነሱም እያፈሩ ሄዱ። በኋላማ ተነስቶ በሩን ገጠመው።

ትንሽ ቆይቶ አንዲት አሮጊት መነኩሲት በሩን ገፋ አድርገው ገቡ። እንኳን አደረሰህ አላሉም። ለለቅሶ ደራሽ የተጎዘጎዘው ጭድ ገና አልተጠረገም ነበርና ጉልበታቸውን ይዘው እዚያ ላይ ቁጭ አሉ። ይህን ሲያይ ጎሹ ተናደደ።

«እማሆይ፣ ዛሬ እኮ በዓል ነው። የለቅሶው ሰው ከሄደ ሰነበተ።»

«አውቃለሁ ልጄ።»

«እንግዲያው ይንገሩኝ። ስንዱ ስታጣጥር እግዜር የት ነበር?»

«ለምን እንደወሰዳት አላውቅም፤ አውቃለሁ ብል እዋሽሃለሁ። ሲወለድ የት እንደተኛ ግን አውቃለሁ።»

«የት?»

«በረት ውስጥ፣ ጭድ ላይ።» የተቀመጡበትን በእጃቸው ዳሰስ አደረጉት። «አንተ ቤትስ ጭድ ላይ የሚቀመጠው ማነው?»

«ለቅሶ ደራሽ።»

«እሱም የመጣው ለቅሶ ሊደርስ ነው። ከሰማይ ሆኖ አይዞህ ማለት አቅቶት አይደለም። ግን ልጄ፣ ለቅሶ በሩቁ ይደረሳል?»

ጎሹ ከቀብሩ ወዲህ እንባ ወጥቶት አያውቅም። ያን ጊዜ ተንሰቅስቆ አለቀሰ። እማሆይ አላባበሉትም፤ አብረውት አለቀሱ። ስንዱ አልተመለሰችም፣ ቤቱም እንደጨለመ ነው። ብቻውን እንዳልሆነ ግን አወቀ።

ከሰዓት በኋላ አንድ ጎረቤት በሩ ላይ ቆሞ፣ እየፈራ «እንኳን አደረሰህ» አለው።

«እኔስ የትም አልደረስኩም» አለ ጎሹ። «እሱ ነው የደረሰልኝ። ግባ፣ ተቀመጥ።» ከጭዱም ላይ ጠጋ አለለት።

ወዳጆቼ፣ እግዚአብሔር ሐዘናችንን ሁሉ ዛሬውኑ አያነሳልንም። ሐዘናችን ቤት ገብቶ ግን ከእኛ ጋር መሬት ይቀመጣል፤ ተስፋችንም የሚጀምረው ከዚያ ነው። ዘንድሮ «እንኳን አደረሰህ» የምትሉት ሰው አለ አይደል? ሐዘኑ ላይስ ደርሳችሁለት ነበር?