ሰባት ጥይት

አንድ ጌም ሠሪ ነበረ። ቆይ፣ ጥያቄህን አልረሳሁም። «መምህር፣ የድሮ የተኩስ ጌም አድሱ ተብለን ተሰጥቶናል፤ ለዛሬ ሰው እንዲሆን መጀመሪያ ምኑን እንለውጥ?» ነው ያልከኝ። ያን ወረቀትህን አጥፈህ አስቀምጠውና ስማኝ። ይህን ሰው ባሰብኩት ቁጥር ደሜ ይፈላል። ድምፄ ከፍ ቢል በአንተ አይደለም፤ በአንተ የምቆጣው መጨረሻ ላይ ነው።

ሰውየው በወጣትነቱ አመለወርቅ ከምትባል ባልደረባው ጋር «ሰባት ጥይት» የሚባል ጌም ሠራ። ሁለት ተጫዋቾች ጎን ለጎን ሆነው አንድ ድልድይ ከወራሪ ይጠብቃሉ። ለእያንዳንዳቸው ሰባት ጥይት ብቻ ይሰጣቸዋል። ሰባቱን የጨረሰ ሰው መሣሪያው «ቀጭ» ይልና ባዶ ይሆንበታል፤ ያኔ ጓደኛው ከራሱ ቀንሶ ካላቀበለው አለቀለት። ይቺን «ቀጭ» አመለወርቅ የቀዳቻት ከእናቷ ቤት የበር መወርወሪያ ነው። ጥይቱ ሰባት የሆነው ደግሞ ታስቦበት አልነበረም፤ የዚያን ጊዜው ኮምፒውተር ከዚያ በላይ አልሸከምም ስላለ ነው። ሰውየው በዚህ ያፍር ነበር።

ጌም ቤቱ ሁሉ ግን በሰው ተጨናነቀ። ክፍል ሁለት ወጣ፣ ክፍል ሦስት ወጣ። አግዳሚው ላይ የተቀመጠው ሁሉ «ጥይት! ጥይት አቀብለኝ!» እያለ ሲጮህ መንገድ ድረስ ይሰማል። ጥይት ባለቀበት ቁጥር ሠሪውን ይራገማል፤ «ምን ዓይነት ቋጣሪ ነው ይሄን የሠራው!» ይላል። በአጥር ድንበር ተጣልተው ሰላምታ ያቋረጡ አንድ ሹፌርና አንድ ልብስ ሰፊ ነበሩ። እነሱ እንኳ እዚያ ሲቀመጡ «በናትህ፣ ሁለት ብቻ!» ይባባሉ ነበር። ከቤቱ ሲወጡ አይተያዩም። በማግስቱ ግን ተመልሰው እዚያው አግዳሚ ላይ ናቸው።

ጊዜው አለፈ፣ ጌም ቤቶቹ ተዘጉ፣ ሰውየውም የቢሮ ፕሪንተር ጠጋኝ ሆነ። ሃያ ዓመት ሙሉ ከልቡ ያልወጣው ያ ጫጫታ ነው። አንድ ሀብታም መጥቶ «ሰባት ጥይትን ለዛሬ ሰው አድሰህ አውጣልኝ» ሲለው ያለቀሰው ስለዚህ ነው። ያን ጫጫታ አንድ ጊዜ ደግሞ መስማት ፈለገ፤ ሌላ ምንም አልፈለገም።

ታዲያ ምን አደረገ መሰለህ? የድሮ ተጫዋቾችን አፈላልጎ «ያስቸገራችሁን ጻፉልኝ» አለ። ሁሉም፣ አንድ ሳይቀር፣ ያንኑ ጽፈው ፈረሙ፤ ጥይቱ ቶሎ ያልቃል። ሰውየው ደስታውን አልቻለውም። የድሮ ሐፍረቱን የሚፍቅበት ቀን መጣለት! ተቀምጦ ጥይቱን የማያልቅ አደረገው።

አመለወርቅን ጠራት፤ መጣችና ወረቀቶቹንም ጌሙንም አየች።

«ስሙስ?» አለችው። «ሰባት ጥይት ብለህ የማያልቅ ጥይት ልትሰጥ ነው?»

«ሰው የሚያውቀው ስም ነው፤ ይቆይ።»

«የእናቴ በርስ? መቼ ነው ‹ቀጭ› የሚለው?»

«አይልም። ሰዉ ጠልቶታል፤ በፊርማው ነው የነገረኝ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ሲጠሉት እኮ አብረው ነበሩ» አለችውና ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። እሱ ዘመን ያለፈባት መሰለው። ሞኝ! እሷን ተከትሎ መሮጥ ነበረበት።

የምረቃው ቀን አዳራሹ ሞላ። ስዕሉ ያምራል፤ ከድልድዩ ሥር ያለው ውሃ ሳይቀር ያበራል። ሁሉም ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጎ ተኮሰ፣ ተኮሰ፣ ተኮሰ። ሹፌሩና ልብስ ሰፊው ሸምግለው መጥተው ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ሰው መሃል የሚሰማው ቁልፍ የሚጫን የጣት ድምፅ ብቻ ነው። ሰውየው ጥግ ቆሞ ጫጫታውን ጠበቀ። ግማሽ ሰዓት ጠበቀ። በመጨረሻ ንዴቱ ገነፈለና መሃል ገብቶ የሹፌሩን ማዳመጫ ከጆሮው ላይ መነጨቀው።

«ጩኹ እንጂ!» አለ። «ምን ሆናችኋል? ለምን አትጮኹም?»

ሹፌሩ ግራ ገብቶት አየው። «ምን ብዬ ልጩህ? ምን ጎደለኝና ማንን ልጥራ?»

«ራሳችሁ አይደላችሁም ወይ ያማረራችሁት? ይኸው ፊርማህ!»

«አማርሬያለሁ» አለ ሹፌሩ። «አንሳልኝ ብያለሁ?»

ከዚያ በጨዋ ደንብ «ያምራል፣ እጅህ ይባረክ» ብሎት ተነሳና በግራው በር ወጣ። ልብስ ሰፊው ትንሽ ቆይቶ በቀኙ በር ወጣ። ሌላውም አንድ በአንድ እያመሰገነ ሄደ። በዚያ ቀን ሰውየውን የረገመው አንድም ሰው አልነበረም።

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። ወረቀትህ ላይ ከላይ የተጻፈውን ገና ስትገባ አይቼዋለሁ፤ «ተጫዋቾች አጥብቀው የጠሉት» ይላል። ሥሩም ቁጥር አንድ፣ ቁጥር ሁለት እያልክ ለመሰረዝ አሰልፈኸዋል። ያ ሰው አንተ ነህ! እሱ እንኳ እንደ አንተ ሄዶ የሚጠይቀው መምህር አልነበረውም፤ የነበረችውን አንዲት ሴት ሸኛት። አንተ ግን ጠይቀሃል፤ ስለዚህ ቁጣዬን ተሸከማት።

ስዕሉን አሳምር፣ ድምፁን አጥራ፣ በስልክም ይጫወቱት፤ እኔ ምን ቸገረኝ። ነገር ግን ቁጥር አንድን ከመሰረዝህ በፊት ያን ቅሬታ የጻፈውን ሰው ቤቱ ድረስ ሂድና «ጥይት ሲያልቅብህ ማንን ነበር የምትጠራው?» ብለህ ጠይቀው። የሰው ስም ከነገረህ፣ እጅህን ሰብስብ።