የኢዮአታም አደንጓሬ

እስቲ ጠጋ በሉ። ድሮ፣ አሜሪካ ገና የባሕር ማዶ ንጉሥ ግዛት ሳለች፣ በአንድ የወንዝ ዳር መንደር ኢዮአታም የሚባል ቆዳ ፋቂ ይኖር ነበር። ልብሱ ይሸታል። ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ጎረቤቶቹ ከአግዳሚው ይነሱለታል፤ አክብረውት ግን አይደለም።

መንደሩ የድሆች ላሞች የሚሰማሩበት የጋራ መስክ ነበረው። ሻለቃ ብራድዊክ የሚባል ባለጠጋ ያን መስክ ለራሱ ሊያጥር ተመኘ። መንደርተኛውም፣ “ኢዮአታም እንቢ ማለት ያውቃል” ብሎ ወደ ሕግ አውጪው ጉባኤ እንደራሴ አድርጎ ላከው።

በዚያ አገር ድምፅ የሚሰጠው በእህል ነበር። የተስማማ በቆሎ፣ ያልተስማማ አደንጓሬ ባርኔጣ ውስጥ ይጥላል። የጋራ መሬት ለአንድ ሰው የሚሰጠው ደግሞ ጉባኤው ሁሉ ሲስማማ ብቻ ነው።

በመጀመሪያው ዓመት ባርኔጣው ሲገለበጥ ከበቆሎው መካከል አንዲት አደንጓሬ ወጣች።

“የማን ናት?” አለ አፈ ጉባኤው።

“የእኔ ናት፣ ጌታዬ።”

“ምናልባት ተሳስተህ ይሆን?”

“ሚስቴ ለየብቻ ነው የቋጠረችልኝ፣ ጌታዬ።”

ሳቁበት። መስኩ ግን ተረፈ።

በሁለተኛው ዓመት ሻለቃው አዲስ ካባ ላከለት። ኢዮአታም ካባውን መለሰ፤ አደንጓሬውን ጣለ። መስኩ ተረፈ።

በሦስተኛው ዓመት ሻለቃው ወደ መንደሩ መጣ። በእንደራሴ ምርጫ ዋዜማ በሬ ጠበሰ፤ የፖም ጠጅ በበርሜል አስቀዳ። ያ ሁሉ ባለ አንድ ላም ድሃ በላ፣ ጠጣ። “ኢዮአታም ደግ ሰው ነው፤ ግን ይሸታል፣ ያሰድበናል” ተባባለ። ይህን የሚሉት እሱ ባለፋው ቆዳ የተሰፋ ጫማ አድርገው ነው። በማግስቱ ኢዮአታም ቆሞ እያየ መንደርተኛው የምርጫውን ባርኔጣ በአደንጓሬ ሞላው። በእሱ ፋንታ ምላሱ የሚጣፍጥ የሻለቃው ክርስትና ልጅ ተላከ። ኢዮአታም የተደፋበትን አደንጓሬ ከመሬት ለቅሞ ኪሱ ከተተ።

ልጁ በቆሎ ጣለ። መስኩ ታጠረ። ላሞቹ ከሱ። ያን ጊዜ መንደርተኞቹ ኢዮአታም በር ላይ ተኮለኮሉ።

“አባታችን፣ ተናገርልን እንጂ።”

“በየትኛው አፌ? ከበሬው ጋር በላችሁት እኮ።”

ይህን ብሎ ከመሬት የለቀመውን ያን አደንጓሬ ወስዶ በአጥሩ ሥር ዘራው። እስኪሞት ድረስ በየዓመቱ ዘራው። ሲሞት እነሱ ቀጠሉ።

እስከ ዛሬ ድረስ በዚያ መንደር እንደራሴ ሲላክ ከአጥሩ ላይ የተለቀመ አደንጓሬ ኪሱ ይከቱለታል። በምርጫ ዋዜማም ማንም ሌላ ሰው የጋበዘውን ሥጋ አይቀምስም። የኢዮአታምንም ስም በክብር ያነሳሉ፤ አሁን አይሸታቸውም።

ልማዱ ደግ ነው። አደንጓሬውም በየዓመቱ ያብባል። አጥሩ ግን አሁንም ቆሟል።