የሰባቱ መንደር ድንኳን

አንድ ሰው ነበረ። አባቱ «ለመጣው ሁሉ ይብቃ» ማለት ይወድ ነበር። ማዕድ ሲቀርብ ይላታል፣ ደመና ሲከብድ ይላታል፣ የማለዳ ጸሎቱንም የሚዘጋው በእሷው ነበር። ልጁ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ሲሰማት ስላደገ ጆሮው ለመዳት፤ ልቡ ግን አልያዛትም።

መምህርት ይርገዱ፣ የጠየቅሽኝን አልረሳሁም። «ሀገራችን ሰፊ ፌዴራላዊ ሪፐብሊክ ናት ብዬ አስተምራለሁ፤ ሕገ መንግሥቱንም አነብላቸዋለሁ። ተማሪዎቼ ግን ‹ተስማምተን ከተሰበሰብን ለምን እንጋደላለን? ያጠፋን መከፋፈላችን ነው ወይስ አንድ መሆናችን?› ይሉኛል፤ ምን ልበላቸው?» አልሽኝ። ከሁለቱ አንዱን መርጬ እንድሰጥሽ ነበር የፈለግሽው። እኔ ግን የዚህን ሰው ነገር ልንገርሽ።

ሰውየው የሚኖርበት አገር ሰባት መንደር ነበረው። ለሰባቱም የነበራቸው አንድ የልቅሶ ድንኳን ብቻ ነው። ድሮ ድሮ ድንኳኑ በአንድ ባለጸጋ ቤት ይቀመጥ ነበር። ባለጸጋው የወደደው ሰው ሲሞት ይወጣል፤ ያኮረፈው ሰው ሲሞት «ሸራውን አይጥ በልቶታል፣ እየተጠገነ ነው» ይባላል። እየተጠገነ ስንቱ በፀሐይ ተለቀሰለት! ይባስ ብሎ ሟቹን እሱ በለመደው አጠራር ካልጠሩት፣ ሙሾውንም በእሱ መንደር ዜማ ካላወረዱት ይቆጣል። ሰው በገዛ እናቱ ቋንቋ እናቱን ማልቀስ አቃተው።

መንደሮቹ መረራቸውና ተነሡ። ብዙ ደም ፈሰሰ። ባለጸጋው ሸሸ፤ ድንኳኑም ከቤቱ ወጣ። ከዚያ በዋርካ ጥላ ሥር ሦስት ቀን ተቀምጠው ደንብ ጻፉ። ደንቡ መልካም ነበር፤ ዛሬም ቢነበብ ልብ ይነካል። ድንኳኑ የሰባቱም ነው። ከእንግዲህ በአንድ ሰው ቤት አያድርም። እያንዳንዱ መንደር አንድ አንድ ዕቃ ይዞ በገዛ እጁ ይጠብቅ፤ ሰው ሲሞት ግን ሁሉም የያዘውን ይዞ ይምጣ፤ ሟቹም ቤተሰቦቹ በሚያውቁት ቋንቋ ይለቀስ። እንዲህ ተባብለው አንዱ መንደር ሸራውን ወሰደ፣ አንዱ ገመዱን፣ አንዱ ካስማውን፤ አግዳሚውና ድስቱም ሳይቀር ተደለደለ። መካከለኛው ምሰሶ ለዚያ ሰው መንደር ደረሰ። ምሰሶውን ከጥድ የጠረበው አባቱ ስለነበር ጠባቂው ልጁ፣ ያ ሰው ሆነ።

ሽማግሌው አባት በዚያ ቀን ምሰሶውን ከግርጌ እስከ ጫፍ ዳሰሰው። «ለመጣው ሁሉ ይብቃ» አለ። ዓመት ሳይሞላው ዐረፈ። ያለቀሱለትም በዚያው ድንኳን ሥር ነው፤ ሰባቱም መንደር መጥቶ ነበር።

ኋላ ግን ሰዉ ከድንኳኑ ይልቅ የያዘውን ዕቃ ወደደ። የሸራው መንደር የሸራ ቀን እያለ በየዓመቱ መጨፈር ጀመረ። ገመድ የያዙት ለገመዱ መዝሙር አወጡለት። ካስማ የያዙትማ «እኛ ባንይዛችሁ ነፋስ በወሰዳችሁ» የሚል ሰሌዳ በመንደራቸው መግቢያ ላይ ሰቀሉ። ሳቅሽ አይደል? እነሱም መጀመሪያ ላይ ይስቁ ነበር።

አንድ የገበያ ቀን ከሸራው መንደር የመጣ ሰው ያን ምሰሶ ጠባቂ አየውና፣ «እንዴት ሰነበትክ፣ ባለ እንጨቱ!» አለው።

«እንጨት ነው ያልከው?»

«ሸራ ካልለበሰ እንጨት አይደል እንዴ? እኛ ባንኖር እኮ ይሄኔ ፈልጣችሁ አንድዳችሁት ነበር!»

ገበያተኛው በሳቅ ፈነዳ። ሰውየው ግን አልሳቀም። ያሰበውን ጨው እንኳ ሳይሸምት ወደ መንደሩ ተመለሰና ሽማግሌዎቹን ሰበሰበ።

«ንቀውናል» አላቸው። «ሳይለምኑን ድንኳን የሚተክሉ ከሆነ እኛ ምንድን ነን?»

አንዱ ሽማግሌ «አያ፣ የገበያ ቀልድ ነው፤ ተወው» ቢለው፣ «ያንተ አባት አልጠረበውማ!» ብሎ አፉን አስያዘው።

በማግሥቱ መጋዝ ተውሶ ከምሰሶው ግርጌ ክንድ ተኩል ቆረጠ። ሐሳቡ ተንኮል ነው፤ ለእሱ ግን ብልሃት ይመስለው ነበር። ድንኳን ሲያስፈልጋቸው ምሰሶው ያጥርባቸዋል፤ ያን ጊዜ እየተለማመጡ ወደ እሱ ይመጣሉ፤ እሱም ጉማጁን ከሥር አስገብቶ ያቆምላቸዋል። እስከዚያው ጉማጁን ጠርቦ መቀመጫ አደረገው። በሸንጎ ሌላው ድንጋይ ላይ ሲቀመጥ እሱ ጉማጁ ላይ ይቀመጣል። ቁመቱም ከሰው ሁሉ ከፍ አለ።

በዚያው ክረምት አማቱ ሞቱ። ሚስቱ ገመድ ከያዘው መንደር የመጣች ነበረች። ወንድሞቿ ምሰሶውን ሊወስዱ ሲመጡ ሰውየው ከመቀመጫው አልተነሣም።

«የሸራው መንደር መጀመሪያ መጥቶ ይቅርታ ይበለን» አለ።

«እኛ ምን አደረግንህ?» አለ ታላቅ ወንድሟ። «አባታችን እኮ ነው የሞተው። ያንተም አባት ነው!»

«እናንተን አላልኩም። ክብር ግን ክብር ነው።»

የሸራውም መንደር ይቅርታ አልልም አለ። ሽማግሌው በዶፍ ዝናብ ተለቀሰላቸው። ሚስቲቱ ከልቅሶ ስትመለስ ቀሚሷ ላይ የነበረው ጭቃ እስከ ወገቧ ደርሶ ነበር። ባሏን አልሰደበችውም። «ሰው ሁሉ እኔን እያየ ነበር የሚበሰብሰው» ብቻ አለችው። ከዚያ ዝናብ ይዛው የመጣችው ሳልም ከደረቷ አልወጣ አለ።

በሁለተኛው ዓመት ሐምሌ ላይ አልጋ ያዘች። ሰውየው ጠዋት ማታ እየተንበረከከ ለመነ፤ ጠበልም አመላለሰ። እሷ ግን እንደማትድን አውቃለች። አንድ ቀን እጁን ይዛ እንዲህ አለችው፦ «ወንድሞቼ ሊያለቅሱልኝ ሲመጡ ዝናብ እንዳይመታቸው። ሌላ ምንም አልጠይቅህም።»

«በእግዚአብሔር ስም፣ አይመታቸውም» አላት።

በሦስተኛው ቀን ሞተች።

ሰውየው ነጠላውን አደግድጎ በየመንደሩ ዞረ። ከሸራው መንደር ሲደርስ ያ በገበያ የቀለደበት ሰው ደጁ ላይ ቆሞ ጠበቀው።

«ደንቡ ይላል…» ብሎ ሰውየው ጀመረ።

«ደንቡን ዛሬ አስታወስከው? አማትህ ሲሞቱ ደንቡ የት ሄዶ ነበር?»

ሰውየው አንገቱን ደፋ። የሸራው ሰው ጥቂት አየውና ወደ ውስጥ ዞሮ «ሸራውን አውጡት!» ብሎ ጮኸ። ካስማውም መጣ፣ አግዳሚውም መጣ። የሟች ወንድሞች ገመዱን በትከሻቸው ተሸክመው፣ የአባታቸውን ነገር አንዲት ቃል ሳያነሡ መጡ። የቀረ መንደር አልነበረም። እሱ በክብሩ ያልሰበሰባቸውን እሷ በሬሳዋ ሰበሰበቻቸው።

ምሰሶው ሲቆም አጠረ። ሰው ሁሉ ተያየ። ሰውየው ቸኩሎ መቀመጫውን አመጣና ከሥሩ አስገባው። ለጊዜው ልክ ሆነ። ሸራው ተወጠረ፤ የሟች ሳጥን ከቤት ወጥቶ በመካከል ተቀመጠ፤ ወንድሞቿም ከበቧት። ሰውየው «ተመስገን» አለ በልቡ።

ዝናቡ መጣ። መሬቱ ሲርስ ጉማጁ በጭቃው ላይ ተንሸራተተ። ምሰሶው ሳተ። ውኃ የቋጠረው ሸራ በሳጥኑና በአልቃሹ ላይ ወደቀ፤ ቋጥሮት የነበረውም ውኃ ሁሉ በእነዚያ ወንድሞች ላይ ፈሰሰ። የተጎዳ ሰው አልነበረም። ሲወጡ ግን ማንም ቀና ብሎ ማንንም አላየም።

በዚያ መንገድ አጋሰስ የሚነዳ አንድ ሲራራ ነጋዴ ያልፍ ነበር። አገሩም ሩቅ ነው፤ ከሰባቱ መንደር አንዱንም አያውቅ። ልቅሶ አይቶ ማለፍ ነውር ስለሆነበት ቆመ። የጭነቱን መሸፈኛ ፈትቶ፣ ጭነቱን ለዝናብ ትቶ፣ ሳጥኑን አለበሰው። ከዚያ ምሰሶውን ሊያነሣ ጎንበስ ሲል ግርጌውን አየ። መጋዝ የበላው፣ ለጥ ያለ። በክንዱ ለካው። ራሱን ነቀነቀ። ሰውየው በዚያን ጊዜ፣ እንደ ልማዱ፣ ጉማጁ ላይ ተቀምጦ ነበር። ነጋዴው ወደ እሱ መጣና አንድ ነገር ጠየቀው። እሷም ተቀበረች፣ ወንድሞቿም እንደ በሰበሱ ወደ መንደራቸው ሄዱ።

እንግዲህ ልጄ፣ ድንኳኑ ይህች ሪፐብሊካችን ናት። በዋርካው ሥር የተጻፈው ደንብ አንቺ የምታነቢላቸው ሕገ መንግሥት ነው። ዕቃው በየመንደሩ መቀመጡን አታስጠዪብኝ፤ በአንድ ባለጸጋ ቤት የነበረ ጊዜ የሆነውን ነግሬሻለሁ። በአንድ ሸራ ሥር መሰብሰቡንም አታስጠዪብኝ፤ ያ ሁሉ ሰው ወዶ ነው የመጣው። ከደንቡ ላይ ክንድ ተኩል የቆረጥነው እኛው ነን፤ በአደራ የያዝነው። የቆረጥነውንም መቀመጫ አድርገን ከፍ ብለን ተቀምጠንበታል። ሐዘን ሲመጣ እንመልሰዋለን ብለን እናስባለን፤ እንጨት ግን አንዴ ከተቆረጠ ቢደራርቡት አይገጥምም። አዲስ ምሰሶ መጥረብ አለ፤ ለዚያም መጀመሪያ ከመቀመጫው መነሣት ያስፈልጋል፤ እስከ ዛሬ የተነሣ አላየሁም። እግዚአብሔር ይቅር ይበለን።

ተማሪዎችሽ ጥፋቱ የማን ነው ሲሉሽ መልሱን አትስጫቸው። ያ መንገደኛ በዝናብ ቆሞ፣ ጉማጁ ላይ የተቀመጠውን ሰው የጠየቀውን ብቻ እንዳለ ንገሪያቸው፦

«አባቴ፣ እግዜር ያጽናዎት። ይህን ምሰሶ የቆረጠባችሁ ጠላት ማነው?»